በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም

ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1998

ለወንድሜ ለጋሼ ሐቢብ፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለባለቤትህ ለሆዳንና ለልጆቻችሁ ይድረስ። እኔ፣ ባሌ ናስርና ልጅህ ታጁ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለፈው እሑድ ስልክ ላይ ስትጮህብኝ ስለ ጤናችን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘህምና ሳትጠይቀኝ ነገርኩህ።

ከእንግዲህ በስልክ አንነጋገርም። ያልከኝን ሁሉ ናስር ከጎኔ ሆኖ ሰምቶታል። እሱ ታጋሽ ሰው ስለሆነ «ሃርጌሳ ሩቅ ነው፣ ድምፁ እንዲደርስ ብሎ ነው» ብሎ ቀለደበት። እኔ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። የምትለው ካለህ ጽፈህ ከዳሂር ስልክ ቤት በፋክስ ላክልኝ። ዳሂር ጅግጅጋ በስደት ስላደገ አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበብ አይችልም ብለኸኛል። ጥሩ ነው፤ እኔም ሳልፈራ የልቤን እጽፋለሁ።

ልጄን ሸጥሽው ወይ ላልከኝ፣ አልሸጥኩትም። እናቱ ሀሲና ነፍሷን ይማርና ስትሞት ልጁን አምጥተህ እቅፌ ውስጥ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። አሜሪካ ይዤው ልሂድ ስልህም «ሂጂ፣ እዚያ ይማር» ያልከኝ አንተ ነህ። ስምንት ዓመት ሆነው። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶት፣ ቁመቱ ሜትር ከዘጠና ሦስት ደርሶ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲፈልጉት ነው አባትነትህ ትዝ ያለህ።

በእግር የማይነካ ኳስ ምን ኳስ ነው ብለሃል። የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ሰው በሰው ላይ ይወድቅበታል። የታጁ ቦታ ታይት ኤንድ ይባላል። ከገፊዎቹ መስመር ጫፍ ላይ ይቆማል። አንዳንዴ ከእነሱ ጋር ሆኖ የመጣበትን ይገፋል፣ ኳሱን ለያዘው ልጅ መንገድ ይከፍትለታል። አንዳንዴ ደግሞ የሚገፋ መስሎ ሾልኮ ይወጣና ኳሱን ራሱ ይቀልባል። የሚገፋ ሰው ግዙፍ መሆን አለበት፣ የሚቀልብ ሰው ፈጣን መሆን አለበት፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ እምብዛም አይገኝም። በአንተ ልጅ ላይ ግን ተገኝቷል፤ አላህ የሰጠው ነው።

ለዚህ ሲሉ ዩኒቨርሲቲዎች ልጆችን እየዞሩ ይመለምላሉ። አሰልጣኞቹ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ ከዚያም ወላጅ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። የወደዱትን ልጅ እስኪመረቅ ድረስ በነጻ ያስተምራሉ፤ መኝታውም ምግቡም በእነሱ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የማጥብ ሴት ነኝ፣ ናስር ታክሲ ይነዳል። በእኛ እጅ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ያለው በር ይሄ ብቻ ነው። በሰኔ ወደ ሃርጌሳ ላኪው፣ መኪና ላስይዘው ያልከውን ነገር ከእንግዲህ አታንሳብኝ።

የጨዋታውን ካሴት ኢስታሂል የምትባል የሃርጌሳ ሴት ይዛልህ ትመጣለች። 87 ቁጥር የለበሰው እሱ ነው። አይተህ ፍረድ።

እህትህ ሰዓዳ

ሃርጌሳ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1998

ለእህቴ ለሰዓዳ፤ ወዓለይኩሙ ሰላም።

እኔም ደህና ነኝ። ስለ ሥራዬ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ ሥራ ሞልቷል። ከተማው በሙሉ ቤት እየሠራ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከበርበራ አመላልሳለሁ፤ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር መጥተሽ ያየሽው ጣሪያ የሌለው ቤት ሁሉ ዛሬ ጣሪያ አለው። ሳውዲ ከብት አልገዛም ካለች ወዲህ ግን ወደ በርበራ ባዶ ነው የምንወርደው። ሆኖም ከበርበራ የሚመጣው ጭነት ስለበዛ ሁለተኛ መኪና ለመያዝ አስቤ ነበር፤ የገዛ ልጄን ሹፌር አድርጌ። ይህንን ነው አታንሳብኝ ያልሽኝ።

ካሴቱ ደረሰኝ። ዳሂር ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሃርጌሳ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ቪዲዮ አለው፤ እኔም የዋህ ነኝና ሹፌሮቹን ሁሉ ጠርቼ ልጄን እዩልኝ አልኩ። ካሴቱ የአሜሪካ ስለሆነ ነው መሰለኝ ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ይሁን፣ 87 ቁጥርን አገኘነው። ከሹፌሮቹ አንዱ ፈይሳ «ኳሱን መቼ ነው የሚይዘው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ «ቆይ» እላለሁ። እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና «ቆይ» እላለሁ። አንድ ቀጭን ልጅ ኳሱን ታቅፎ ይሮጣል፣ ሕዝቡ ለእሱ ይጮኻል፣ ለእሱ ይጨፈራል። ልጄስ? ልጄ ከኋላ መሬት ላይ ሰው ተጭኖ ተኝቷል። በመጨረሻ ሌላው ሹፌር ጆኒ ምን አለ መሰለሽ? «ጋሽ ሐቢብ፣ ልጅህ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ረዳት ሆነ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ረዳት ማለት ምን እንደሆነ ረስተሽ ከሆነ ላስታውስሽ። ሲሚንቶ ጭነን ከበርበራ ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ከደከመ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባው ነው። እጁ ቢጨፈለቅ የእሱ ነው፤ መኪናው ሃርጌሳ ሲደርስ ግን ስሙ የሚነሳው የሹፌሩ ነው። እኔ ልጄን ሹፌር ላደርገው ስል አንቺ ረዳት አድርገሽ አሳደግሽው።

ይህም ይሁን። የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ልብ ብለሽ አንብቢው። አባቱ ሳይጠየቅ ልጄን ማንም አይወስደውም። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን፣ የአሜሪካ መንግሥትም ቢሆን። የናስር ሽማግሌዎች አንቺን ሊጠይቁ ድሬዳዋ ቤታችን ሲመጡ አባታችን ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። ናስርን ጠልቶት ነው? ከእኔ አብልጦ ይወደው ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የተባለለት ልጅ ባለቤት የሌለው፣ ከመንገድ የተነሳ ይመስላል። አንቺን አክብረን ነው የሰጠንሽ፤ የእኔም ልጅ ተከብሮ ይሂድ።

ወንድምሽ ሐቢብ

ኮሎምበስ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1999

ለጋሼ ሐቢብ፤ ረመዷን ሙባረክ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ምላሳችንንም ያርግብልን።

አዎ፣ ይመጣሉ። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ይመጣል። እኔ ብነግርህ አታምነኝም እንጂ የልጁን አባት ላነጋግር ያለው ራሱ ሰውየው ነው። የእናንተ ሰዓት ማግሪብ አካባቢ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሆናል፤ ዳሂር ሱቅ ሁንና ጠብቅ። እኛ እንደውላለን፣ የእኔን ትርጉም አታምነውምና ዳሂር በእንግሊዝኛ ያስተረጉምልሃል። ፈለግህ፣ ተጠየቅህ። ከዚህ በላይ ክብር አላውቅም።

ረዳት ላልከው መልስ አለኝ። አሰልጣኙ በስልክ ያስረዳኝን ልንገርህ። ተቃራኒዎቹ ከመሰለፋቸው በፊት መጀመሪያ የሚፈልጉት ታይት ኤንዱ የት እንደቆመ ነው። በቀኝ ከቆመ በቀኝ ይበረታሉ፣ ገለል ብሎ ከቆመ ሰው መድበው ይከተሉታል። ቡድኑ ሮጦ ሊሄድ ይሁን ወርውሮ፣ የሚያሳስታቸው እሱ ነው። ለጆኒ ይህን ንገረው። ሰው የሚፈራው ረዳት አይቶ ያውቅ እንደሆነም ጠይቅልኝ።

አሁን ዋናውን ስማ። በዚህ ዓመት የሚወስዱት ታይት ኤንድ አንድ ብቻ ነው። ከታጁ ሌላ የሚያዩት የገበሬ ልጅ አለ። የሚፈረምበት ቀን ፌብሩዋሪ 3 ነው፤ ከዚያ በፊት ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰውየው ሲጠይቅህ ሁለት ነገር በል፦ አመሰግናለሁ፣ እሺ። ሌላ አትጨምርበት።

እባክህ። ይህችን ቃል ለአንተ መጻፍ ምን ያህል እንደሚተናነቀኝ ታውቃለህ።

ሰዓዳ

ኮሎምበስ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1999

ለሐቢብ፤

ሰውየው ተመልሶ መጣ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አልመጣም። አይመጣምም።

በኢድ ለምን አልደወላችሁም ያልከውንም አንብቤአለሁ። ያልደወልኩት ገና ተስፋ ነበረኝና ነው። ለአንተ ከመንገሬ በፊት ነገሩ ቢስተካከል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሁሉም ስላለቀ ልንገርህ።

ያን ቅዳሜ ከሌሊት ጀምሬ ሳምቡሳና ሩዝ በሥጋ ሠራሁ። ሰውየው ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ሳህኑን ፊቱ ሳስቀምጥለት እኛ እንደማንበላ አየና ሹካውን መልሶ አስቀመጠ። ታጁ ጾም እንደሆነ ሲነግረው ይቅርታ ጠይቆ፣ እንግዲህ ማታ እንድትበሉት አልነካውም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ መኝታው፣ ዓርብ ዓርብ የሚሰግድበት ቦታ ስለመኖሩ ሳይቀር ነገረን። ከዚያ ወደ አንተ ደወልን፤ ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረግነው። በአክብሮት ሰላም ካለህ በኋላ ልጅዎን እንድወስድ ይፈቅዱልኛል ወይ አለህ።

አንተም «ሰምተናል። ከወገኖቻችን ጋር እንመክራለን። ሌላ ጊዜ ተመልሳችሁ ኑ» አልክ።

ዳሂር ቃል በቃል ተረጎመው። አሰልጣኙ ታጁን አየው፣ ታጁ ጫማውን ያያል። ሰውየው እረዳለሁ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ጊዜ ውሰዱ ብሎ ተነሳ። አሥር ቀን ያህል ጠብቋል። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ደውሎ፣ አባትየው ፈቃደኛ አይመስሉም፣ እኔም ባዶ እጄን መቅረት አልችልም ብሎ የገበሬውን ልጅ ወሰደ።

ረቡዕ የፊርማው ቀን ነበር። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ወላጆች ፎቶ እያነሱ፣ ልጆቹ የየዩኒቨርሲቲያቸውን ኮፍያ አድርገው ፈረሙ። ያ ካሴቱ ላይ ያየኸው ቀጭን ልጅም ፈረመ። ታጁ ከኋላ ቆሞ አጨበጨበለት። ቤት ሲመጣ አላለቀሰም፤ ተኛ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አንተ ሰው፣ እነዚያ የናስር ሽማግሌዎች የመጡት ሴት ልጅ ሊጠይቁ ነው። ናስር ሌላ ሰዓዳ አልነበረውም። ይሄ ሰውዬ ግን ሌላ ታይት ኤንድ ነበረው። ሁለት ነገር ብቻ በል አልኩህ። ሁለቱንም አላልካቸውም።

ሰዓዳ

ሃርጌሳ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1999

ለሰዓዳ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ ግዴታ ነውና ከእኔ በኩል አልተውኩትም። «ጋሼ» ማለቱን ትተሽዋል፤ አይቻለሁ።

ስድብሽን ተቀብያለሁ። ጥፋቱን ግን ብቻዬን አልሸከምም።

ሰውየውን ለምን መለስከው ትያለሽ። እኔ ልጄን አልሰጥም አላልኩም። ተመልሳችሁ ኑ ነው ያልኩት። ተመልሳችሁ ኑ ማለት ወደናችኋል፣ ደጃችን ክፍት ነው ማለት ነው። አልፈልግም የሚል ሰው ተመለሱ አይልም፣ በሩን ነው የሚዘጋው። ይህንን እዚህ ሃርጌሳ ያለ ሶማሌም ያውቀዋል፤ ዳሂር ስልኩን ሲዘጋ «እንደ ጥሩ አባት መለስክ» ብሎ እጄን ጨብጦኛል። ሹፌሮቹም እንዲሁ። እኔማ ሰውየው በሳምንቱ ይደውላል ብዬ ከማግሪብ በኋላ ከሱቁ አልጠፋም ነበር። ከበርበራ ስመለስ ሲሚንቶው ከላዬ ሳይራገፍ እዚያ ነኝ። ልብሴን አጥቤ፣ የምመልሰውንም በቃሌ ይዤ ነበር። አሁን ዳሂር ስገባ ሲያየኝ ሥራ የያዘ መስሎ አንገቱን ይደፋል።

ፈረንጁ ልማዳችንን አያውቅም፤ አልፈርድበትም። አንቺስ? አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም? «ወንድሜ ተመለሱ ሲል እሺ ማለቱ ነው፣ ሐሙስ ደውልለት» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ ልማዱንም ታውቂያለሽ። መሃል ላይ ተቀምጠሽ ሰውየው ኮቱን ለብሶ ሲወጣ አየሽው። አሥር ቀን ሙሉ ጠብቋል ብለሽ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ። በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ስልክ መደወል አቃተሽ?

አፍሽን ምን ያዘው? ይህንን መልሺልኝ። ሳትመልሺልኝ ሌላ ስድብ አልቀበልም።

ሐቢብ

ኮሎምበስ፣ ማርች 4 ቀን 1999

ለሐቢብ፤

አፌን የያዝከው አንተ ነህ።

ባለፈው የጻፍኩልህ ላይ ትቼልህ ነበር፤ አንተም በመልስህ ዘለልከው። ጠየቅከኝና እንግዲህ ልጻፈው። «ተመልሳችሁ ኑ» ካልክ በኋላ ሌላ ነገር ጨመርክ። ለዳሂር «ያቺ ፊቱ የተቀመጠችው ሴት እናቱ አይደለችም በለው፣ የእሷ እሺታ እሺታ አይደለም በለው» አልከው። መጀመሪያ በአማርኛ ሰማሁት። ቀጥሎ ዳሂር ሲተረጉመው በእንግሊዝኛ ሰማሁት። አሰልጣኙ እኔን ማየት አፍሮ ግድግዳውን አየ። ታጁም ሁለቱንም ሰማ።

ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ላስረዳው? እሺታዬ እሺታ ካልሆነ ትርጉሜ ምን ሊሆን ነው? በአሥሩ ቀን ውስጥ ስልኩን ብዙ ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። አባቱ ያበላሸውን አባቱ ያስተካክለው አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ። ልጁ ተጎዳ ካልከኝ አዎ፣ በሁለታችን መካከል ተጎዳ። ከዚህ የበለጠ ቃል ከእኔ አትጠብቅ።

አሁን የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። የፊርማው ጊዜ እስከ ኤፕሪል 1 አይዘጋም። ከሰሜን ዳኮታ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ታጁን ይፈልጋል። ያስተምሩታል፤ ግን ቦታው በረዶ ብቻ ነው፣ ታጁ ሊማር የሚፈልገው ምሕንድስናም የላቸውም። በሌላ በኩል የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሰው ለትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ደውሏል። ያ የገበሬ ልጅ የመግቢያ ፈተናውን ላያልፍ ይችላል ይላሉ፤ ውጤቱ በወሩ አጋማሽ ይታወቃል። ከወደቀ ቦታው የታጁ ነው።

ስለዚህ አሁን ነው መቆየት ያለብን። የዳኮታው ሰው ሰሞኑን ይመጣል፤ ቀስ ብዬ አቆየዋለሁ። አንተ ስልክ ቢደወልልህ አትምጣ። ዳሂር ቢጠራህ በርበራ ነው ያለው በሉት። በአላህ እለምንሃለሁ፣ ለዚህች ወር ብቻ አባት አትሁን።

ሰዓዳ

ሃርጌሳ፣ ማርች 15 ቀን 1999

ለእህቴ ለሰዓዳ፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እናቱ አይደለችም በለው ብለሃል ላልሽኝ፣ ብያለሁ። አልክድም። በኋላ ጸጸተህ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ የምመልስልሽ ነገር ነበረኝ፤ አልጠየቅሽኝም።

«ለዚህች ወር አባት አትሁን» ያልሽኝን ግን ይቅር አልልሽም። አላህ ይቅር ይበልሽ።

አሁን የምሥራች ልንገርሽ፤ ታጁ ነግሮሽ ከሆነም ከእኔ ደግመሽ ስሚው። ቅዳሜ ማታ ዳሂር ልጅ ልኮ አስጠራኝ። ቃልሽን አስታውሻለሁ፣ ላለመሄድም አስቤ ነበር። የደወለው ማነው ስል ታጁ ነው አለኝ። ራሱ። በስምንት ዓመት ውስጥ ስልክ ስታቀብዪው «ደህና ነኝ አባ» ብሎ ወዲያው ስልኩን የሚመልስልሽ ልጅ፣ ራሱ ደወለልኝ። ሮጬ ደረስኩ።

«አባ፣ የዳኮታው አሰልጣኝ እዚህ ነው። ልሂድ?» አለኝ።

ሰዓዳ፣ አባት ከሆንኩ ጀምሮ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንቺም ወደ አሜሪካ ይዤው ልሂድ ስትዪኝ ቲኬቱ ተቆርጦ ነበር። አለቀስኩ፤ ዳሂር ደንበኛ ሊሸኝ ወጥቶ ስለነበር አላየኝም። ታጁ ስልኩን ለሰውየው ሰጠው። የሚተረጉምልኝ ሰው የለም። ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ በርበራ ወደብ ላይ በተማርኳት እንግሊዝኛ «የስ፣ የስ፣ ማይ ሰን፣ ኦኬ፣ ጎ» አልኩት። ሳቀና አመሰገነኝ። ታጁም ሲያመሰግነኝ ሰማሁት።

አዎ፣ ቆይ ብለሽኝ ነበር። ባለፈው እኔ ቆዩ ስል ድንቁርና ነበር፣ ዛሬ አንቺ ቆይ ስትዪ ብልሃት ሆነ? በመቆየት አንዴ ልጄን ዕድል አሳጥቼዋለሁ፤ ድጋሚ አላደርገውም። በመጀመሪያ ቀን እሺ አልኩ፤ አባታችን ቢሰማ ከመቃብር ይነሳብኛል። በዳኮታ በረዶ ቢኖርም የሰው ልጅ ይኖርበታል። ጆኒ ልጄ ኮሌጅ እንደገባ ሲሰማ ረዳት ማለቱን ትቶ ምሳ ጋበዘኝ።

እንግዲህ ይህንን ጠብ እዚህ ላይ እናብቃው። ጋሼ ብለሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሐቢብ

ኮሎምበስ፣ ማርች 30 ቀን 1999

ለሐቢብ፤

ታጁ ለምን አይደውልም ብለህ ሁለት ፋክስ ልከሃል። ይደውልልሃል። ይህንን ግን ከእኔ ስማ።

የተነጋገራችሁ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የዳኮታው ሰው ከቀጠሮው አስቀድሞ መጣ፣ ታጁም የአባቴን ፈቃድ ልጠይቅ አለ። ማንም አላዘዘውም። ረቡዕ ዕለት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ደወለ። የገበሬው ልጅ ፈተናውን ወድቋል። ቦታው ክፍት ነው፣ ምሕንድስናም ይማራል፣ ወረቀቱን ነገ እንልካለን አሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ታጁ ስልኩን ከእጄ ተቀበለና በትሕትና፣ አባቴ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አላቸው።

ፊርማ የለም፣ ምንም የለም፤ የአንተ «የስ፣ ጎ» ብቻ ነው ያለው። እስከ እሑድ ድረስ ለመንኩት። ናስርም ለመነው። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ በአፍ የተባለ አያስርህም፣ በየዓመቱ ስንቱ ሐሳቡን ይቀይራል አለው። በመጨረሻ እኔ ትዕግስቴ አልቆ ጮህኩበት። አባትህ ዳኮታ የት እንደሆነ አያውቅም፣ ሰውየው ያለውን አልሰማም፣ የእሱ እሺ ቃል አይባልም አልኩት። ያኔ መለሰልኝ፦

«በረመዷን ቆዩ ሲል ቃል ነው ብለሽ ተቀበልሽው። ሰውየው ሲሄድብኝ ዝም አልሽ። አሁን እሺ ሲል ቃል አይደለም ትዪኛለሽ። አንዳችሁን ልስማ ብዬ የሱን መረጥኩ፣ አክስቴ።»

ሰኞ ዕለት ለዳኮታ ፈረመ። በነሐሴ ይሄዳል።

አክስቴ ነው ያለኝ። አጠገቤ መተኛት ከጀመረባት ሌሊት አንስቶ እማ እንጂ ሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ተናዶ ብሎት ቢሆን እንኳን ይቅር እለው ነበር፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው ያለኝ፣ ሥርዓት ይዞ፣ ትልቅ ሰው እንደሚናገር። ከዚያ ወዲህ ይታዘዘኛል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ አክስቴ ይለኛል።

አሸነፍክ ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ምኑን እንዳሸነፍክ ግን አንተም አታውቀውም፤ ካንተ ጋር ጥቂት ቃላት በስልክ ያወራ ልጅ ነው፣ ለእነዚያ ቃላት ሲል ምሕንድስናውን የተወልህ። ቢያንስ ዋጋውን እወቀው ብዬ ነው ይህንን ሁሉ የጻፍኩት። ጋሼ በይኝ ላልከው ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ከእንግዲህ የምትጽፈውን ለእሱ ጻፍለት። አማርኛ ያነባል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

ሰዓዳ